የግጥም ዘይቤዎችን ለይቶ ማወቅ እንዴት ይቻላል?

ብዙ ተማሪ ግጥም ሲሰጠው መጀመሪያ የሚያደርገው «እንደ» የምትለዋን ቃል ማደን ነው። ካገኛት «ተነጻጻሪ ዘይቤ» ብሎ ጽፎ ያልፋል። መልሱ ልክ ሊሆን ይችላል፤ ግጥሙ ግን ገና አልተነበበም። የዘይቤው ስም መምጣት ያለበት መጨረሻ ላይ ነው። ለማሳያ ያህል የገጠምኳትን ይህችን ሁለት መስመር ይዘን እንሂድ፦

ዝናብ አኮረፈ፣ ደመናው ተነነ፤
መሬት ጠበቀችው፣ ልቧ ድንጋይ ሆነ።

1. ጮክ ብላችሁ አንብቡና ቀለም ቁጠሩ

እያንዳንዱ መስመር ስንኝ ይባላል። ስታነቡ መሀሉ ላይ ትንፋሽ የምትወስዱበት ቦታ አለ፤ እዚያ ላይ የሚከፈሉት ግማሾች ሐረጎች ናቸው። ስንኞች ተሰባስበው አንድ ሐሳብ ሲቋጩ አርኬ ይሆናሉ።

ቀለም ማለት በአንድ ጊዜ የሚነገር የድምፅ ቁራጭ ነው፤ ስትቆጥሩት ፊደል አትቁጠሩ። የራሱ አናባቢ የሌለው ሳድስ ከፊቱ ካለው ጋር ተደርቦ ይነበባል። «ዝናብ» ሦስት ፊደል ቢሆንም ቀለሙ ሁለት ነው፦ ዝ-ናብ። «ጠበቀችው» አምስት ፊደል፣ አራት ቀለም፦ ጠ-በ-ቀ-ችው። በዚህ ስሌት የእኛ ስንኝ 6 እና 6 ሆኖ ይከፈላል፤ ይህ የወል ቤት ነው፣ በአማርኛ በብዛት የሚያጋጥማችሁም እሱ ነው። 5 እና 5 ከሆነ ሰንጎ መገን፣ 4 እና 4 ከሆነ ቡሄ በሉ ይባላል። በጣት መቁጠር አያሳፍርም።

2. ቤቱን ፈልጉ

የስንኞቹን የመጨረሻ ፊደል እዩ። «ተነነ» እና «ሆነ» ሁለቱም በ«ነ» ስለሚያልቁ ቤት ይመታሉ። በ«ሆነ» ፋንታ «ሆኑ» ቢገባ ተነባቢው አንድ ቢሆንም አናባቢው ስለሚለያይ ጆሮ ይቆረቁራል።

3. ከተለመደ ሥራው የወጣውን ቃል አስምሩበት

ዋናው ሥራ እዚህ ነው። ስለ ስሙ ሳትጨነቁ «ይህ በእውነቱ ዓለም ይሆናል?» ብላችሁ ብቻ ጠይቁ። ደመና ይተናል፤ ይለፍ። ዝናብ ግን አያኮርፍም። ማኩረፍ የሰው ጠባይ ነው፤ ስለዚህ ሰውኛ ዘይቤ ነው። መሬትም ልብ ተሰጥቷት ደጅ ደጁን የምታይ ሴት ሆናለች።

አሁን «ልቧ ድንጋይ ሆነ» የሚለውን ተመልከቱ። «ልቧ እንደ ድንጋይ ደረቀ» ብል ኖሮ ሁለቱን ነገሮች ጎን ለጎን አስቀምጬ አነጻጸርኩ ማለት ነው፤ ይህ ተነጻጻሪ ዘይቤ ነው። «እንደ»ን አውጥቼ አንዱን ሌላውን ሳደርገው ግን ተለዋጭ ዘይቤ ይሆናል። ልዩነቱ በአንድ ቃል መኖርና አለመኖር ብቻ አያበቃም። እዚህ ቦታ ተለዋጩ የተሻለ ይሠራል ባይ ነኝ፤ ምክንያቱም ዝናብ ያጣ አፈር በእርግጥም ይጠጥራል፣ የተተወች ሴትም ልቧ ይጠጥራል። «እንደ» ብትገባ ሁለቱ ትርጉሞች እንዲህ አይጣበቁም ነበር።

4. የቀሩትን በስማቸው ያዟቸው

«እንባዬ ባሕር ሞላ» ግነት ነው። የዘገየን ሰው «ምነው ቸኮልክ?» ማለት ምጸት ነው። «ጨረቃ ሆይ፣ ስሚኝ» ብሎ የማይሰማውን ማናገር እንቶኔ ይባላል። «የሚጮህ ዝምታ» ዓይነቱ እርስ በርሱ የሚጣረስ አነጋገር ደግሞ አያዎ ነው። እነዚህ ብዙም አያስቸግሩም፤ ከምጸት በቀር። ምጸትን የምትለዩት በአውዱ እንጂ በቃሉ አይደለም።

5. ሰሙን ገልጣችሁ ወርቁን አውጡ

ደጅሽን ጠናና፣ ዓመት ተቀመጠ፤
ተማረ መሰለኝ፣ ፊቱ ተለወጠ።

ሲነበብ ትምህርት የቀሰመ ሰው ይመስላል፤ ሰሙ ይህ ነው። ነገር ግን ደጅ የሚጠና ሰው ምን ይፈልጋል? ምሕረት። «ተማረ» ይቅር ተባለ ማለትም ነውና ወርቁ እሱ ነው፤ የፊቱ መለወጥም ያኔ ይገባናል። ሁለቱን ፍቺ የተሸከመው ቃል ሕብረ ቃል ይባላል። ስትፈልጉት ከግሶቹ ጀምሩ፤ ሲጠብቁና ሲላሉ፣ ወይም ለሁለት ሲከፈሉ ፍቺያቸው ይለወጥ እንደሆነ ሞክሩ። ከአንድ ቃል ሁለተኛ ፍቺ ስላገኛችሁ ብቻ ግን ወርቅ ነው አትበሉ። የቀረው ስንኝ ካልደገፈው የአንባቢ ፈጠራ ነው።

6. መልሱን ስትጽፉ

የዘይቤውን ስም፣ ቃሉን ከነስንኙ፣ ከዚያም በግጥሙ ውስጥ የሠራውን ሥራ አስከትሉ። ለምሳሌ፦ «‹ዝናብ አኮረፈ› ሰውኛ ዘይቤ ነው፤ ድርቁን በሁለት ሰዎች መካከል የተፈጠረ ቅያሜ ያስመስለዋል።» ብዙዎች ነጥብ የሚያጡት ሦስተኛውን ሳይጽፉ ስለሚያቆሙ ነው።