ጉልበት ተቀይሮ ቅሬታ እንዳይተርፍ

የጉልበት መገጣጠሚያቸውን በኦፕራሲዮን በሰው ሠራሽ ካስቀየሩ 5 ሰዎች አንዱ ያህል በውጤቱ ደስተኛ አይደለም። ብዙ ጊዜ ኤክስሬዩ ምንም ችግር አያሳይም። ሰውየው ግን ከፍቶታል።

ለቅሬታ ከሚዳርጉት ስህተቶች የመጀመሪያው ከኦፕራሲዮኑ በፊት የሚሠራ ነው፤ የወጣትነት ጉልበቴ ይመለስልኛል ብሎ መግባት። የሚገባው ብረትና ፕላስቲክ ነው። ሲራመዱ ቀጭ ቀጭ ሊል ይችላል። ቢላው ቀጫጭን ነርቮችን ስለሚነካ ከጠባሳው በስተውጭ ያለው ቆዳ ይደነዝዛል። መንበርከክም ለብዙዎች እንደ ድሮው አይሆንም። ይህን አስቀድሞ የሰማ ሰው “ብለውኝ ነበር” ብሎ ያልፈዋል። ያልሰማው “አበላሹኝ” ይላል። ስለዚህ ሐኪምዎን “ይሻለኛል ወይ?” ብለው ብቻ አይመለሱ። ደረጃ መውረድ፣ መሬት ላይ መቀመጥ፣ የሚፈልጉትን በስሙ ጠርተው ይጠይቁ።

ሁለተኛው መቸኮል ነው። የመገጣጠሚያው ጉዳት ገና ቀላል ሳለ የሚያስቀይሩ ሰዎች ቅር የመሰኘት ዕድላቸው ይበልጣል። አንዳንዴ ደግሞ ጉልበት ላይ የሚሰማው ሕመም ምንጩ ዳሌ ወይም ወገብ ነው። ያኔ ጉልበቱ ቢቀየርም ሕመሙ የትም አይሄድም።

ሦስተኛው ትራስ ነው። አዎ፣ ትራስ! ጉልበት ትንሽ ሲታጠፍ ሕመሙ ቀለል ስለሚል ሰው ከሥሩ ትራስ ሸጉጦ ይተኛል። ሳምንታት ሲያልፉ ጉልበቱ እንደታጠፈ ይደርቃል። ያልተዘረጋ ጉልበት ያስነክሳል፤ የጭን ጡንቻንም በየእርምጃው ያደክማል። ይልቅ ፎጣ ጠቅልለው ተረከዝዎ ሥር ያድርጉ፤ ቋንጃዎ አየር ላይ ይንጠልጠልና በራሱ ክብደት ወደ ታች ይውረድ። አይመችም። እሱን አልዋሽዎትም።

“ስላመመኝ ዛሬ ፊዚዮቴራፒው ይቅርብኝ” ማለትም እንዲሁ ያስከፍላል። ደረጃ ለመውጣትና ለመውረድ ጉልበት ወደ 90 ዲግሪ መታጠፍ አለበት። ይህ የሚገኘው በዋናነት በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት፣ የውስጡ ጠባሳ ሳይጠነክር ነው። የታዘዘልዎትን ማስታገሻ ከፊዚዮቴራፒው እንቅስቃሴ ቀደም ብለው ይውሰዱ።

በ6 ሳምንት ፍርድ መስጠትም ስህተት ነው። እብጠቱና ሙቀቱ ለወራት ይቆያል፤ መሻሻሉ እስከ 1 ዓመት ይቀጥላል። “እገሌ በወሩ ዱላውን ጥሏል” የሚለውን ወሬ ይተዉት።

ሁሉንም ነገር ግን “ያልፋል” ብሎ መታገስ አይገባም። ቁስሉ ፈሳሽ ካወጣ፣ ትኩሳት ከመጣ፣ ባትዎ ካበጠና ካመመዎት በዚያው ቀን ሐኪም ጋ ይሂዱ። ድንገት ትንፋሽ ካጠረዎት ወይም ደረትዎን ከወጋዎት ደግሞ ቀጠሮ ሳይጠብቁ፣ ቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል።