የድሮ ተከታታይ ድራማ ዲቪዲ፦ የትኛውን እትም ልግዛ? ችግሩና መፍትሄው

አንድ የድሮ የቴሌቪዥን ድራማ ሦስት አራት ዓይነት የዲቪዲ እትም ይኖረዋል። አንዱ በየሲዝኑ ተነጣጥሎ የወጣው ነው። ሌላው ሁሉንም ሲዝን በአንድ ሳጥን ያጨቀው ነው። «ሪማስተር» (የታደሰ) የሚል ማዕረግ የተሰጠውም አለ። ከሌላ አገር የመጣም አይጠፋም። ሽፋናቸው ይመሳሰላል፣ ውስጣቸው ግን ለየቅል ነው። ሳጥኑ ላይ በትልቁ «ሙሉው ስብስብ» ተብሎ መጻፉም ዋስትና አይሆንም። ሙሉ የተባለው የክፍሎቹ ብዛት እንጂ የእያንዳንዱ ክፍል ይዘት አይደለም።

ስለዚህ ከሽፋኑ ሳይሆን ሰው ገዝቶ ከሚያማርርበት ነገር እንነሳ። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ዘፈኑ ያ ዘፈን አይደለም

የምትወዱት ትዕይንት ደረሰ። ጆሯችሁ የሚያውቀው ዘፈን ግን የለም። በቦታው ማን እንደሠራው የማይታወቅ የመሣሪያ ሙዚቃ ገብቷል። ሲብስ ደግሞ ገጸ ባሕርያቱ ስለ ዘፈኑ የሚያወሩበት ንግግር ጭምር ተቆርጧል።

ምክንያቱ ፈቃድ ነው። በ1970ዎቹና በ80ዎቹ ለድራማ የተገዛው የሙዚቃ ፈቃድ በአብዛኛው ለቴሌቪዥን ስርጭት ብቻ ነበር። ሰው አንድ ቀን ድራማውን በሳጥን ገዝቶ መደርደሪያው ላይ ያስቀምጣል ብሎ ያሰበ አልነበረም። ዲቪዲ ሲመጣ ታዲያ ለእያንዳንዱ ዘፈን እንደ አዲስ መደራደር አስፈለገ። ያውም ሁለት ጊዜ፦ አንድ ለድርሰቱ ባለመብት፣ አንድ ለተቀዳው ድምፅ ባለመብት። ሒሳቡ ሲመጣ አሳታሚው ዘፈኑን ያወጣና ርካሽ ሙዚቃ ይተካበታል።

ለዚህ ዋነኛው ምሳሌ ከ1978 እስከ 1982 የተላለፈው «ደብልዩኬአርፒ ኢን ሲንሲናቲ» ነው። ታሪኩ ስለ አንድ የሮክ ሬዲዮ ጣቢያ ነው። ዘፈኑን ካወጣችሁለት ምን ይቀረዋል? በ2007 የወጣው የመጀመሪያው ሲዝን ዲቪዲ ግን ብዙዎቹን ዘፈኖች ቀይሮ መጣ። በ2014 ሻውት ፋክተሪ የተባለው አሳታሚ ሙሉውን ሲያወጣ አብዛኞቹን መለሳቸው። ሁሉንም አይደለም፣ ግን ልዩነቱ የሰማይና የምድር ነው። «ዘ ዎንደር ይርስ» ደግሞ በዚሁ የመብት ጣጣ ምክንያት በዲቪዲ የወጣው ስርጭቱ ካበቃ ከሃያ ዓመት በኋላ፣ በ2014 ነው። «ማሪድ ዊዝ ችልድረን» ላይ የተቀየረው የመክፈቻው የፍራንክ ሲናትራ ዘፈን ነው። ከሦስተኛው ሲዝን ዲቪዲ ጀምሮ ሌላ ሙዚቃ ገብቶበታል። ሁለት ሲዝን ለምዶት ለመጣ ሰው ያናድዳል።

መፍትሄው የአሳታሚውን ስምና የወጣበትን ዓመት ማጣራት ነው። የድራማው ስም ብቻውን አይበቃም። የሳጥኑን ጀርባ ታች ድረስ አንብቡ። «አንዳንድ ሙዚቃ ለዚህ እትም ተቀይሯል» የሚል መስመር ካለ በጉንዳን ፊደል የተጻፈው እዚያ ነው። ከዚያ ዘፈን ያለበትን አንድ የምታስታውሱት ትዕይንት ምረጡና እትሙ ያለውን ሰው ወይም ሻጩን ስለዚያ ትዕይንት ጠይቁ። «ሙዚቃው ኦሪጅናል ነው?» ብላችሁ በደፈናው ብትጠይቁ ሁሉም «አዎ» ነው የሚላችሁ።

ክፍሉ አጥሯል

የምታውቁት ቀልድ የለም። ትዕይንቱ ሳያልቅ ወደ ሌላ ዘሎ ይሄዳል።

ድራማው የመጀመሪያ ስርጭቱን ጨርሶ ለሌሎች ጣቢያዎች ሲሸጥ፣ ጣቢያዎቹ ተጨማሪ ማስታወቂያ ማስገባት ይፈልጋሉ። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ክፍል ሁለት ሦስት ደቂቃ ይቆረጣል። ይህ የተቆረጠ ቅጂ ለአሳታሚው በቀላሉ የሚገኘው ይሆንና እሱው ዲቪዲ ላይ ይወጣል። የ«ሮዛን» የመጀመሪያ ሲዝን በ2005 ሲወጣ የደረሰው ይኸው ነው። ገዢው አጉረመረመ፣ ከሁለተኛው ሲዝን ጀምሮ ሙሉዎቹ ክፍሎች መጡ።

እዚህ ላይ ሳጥኑ ሊደብቀው የማይችለው አንድ መረጃ አለ፦ ደቂቃው። እኔ ከሽፋኑም ከማስታወቂያውም በፊት የማየው እሱን ነው። ለግማሽ ሰዓት የተመደበ የአሜሪካ ኮሜዲ ያለ ማስታወቂያ በ1960ዎቹ ወደ 25 ደቂቃ፣ በ80ዎቹ ወደ 24፣ በ90ዎቹ መጨረሻ ወደ 22 ነበር። የአንድ ሰዓቱ ድራማ በ60ዎቹ 50 ገደማ፣ በ90ዎቹ 45 ገደማ ነው። እንግዲህ አካፍሉ። የ80ዎቹ ኮሜዲ 24 ክፍል ካለው ጠቅላላው ወደ 576 ደቂቃ መምጣት አለበት። ሳጥኑ 500 ካለ ለአንድ ክፍል የሚደርሰው 21 ደቂቃ እንኳ አይሞላም። ቀሪው የት ሄደ? አንዳንድ አሳታሚ ቁጥሩን በግምት ስለሚጽፍ የሁለትና የሦስት ደቂቃ ልዩነት አያስደንግጣችሁ። የሰባ ደቂቃ ልዩነት ግን ግምት አይደለም።

ከመፍረዳችሁ በፊት ግን እትሙ የፓል (የአውሮፓና የአውስትራሊያ የቴሌቪዥን ምስል ስርዓት) መሆን አለመሆኑን እዩ። በፊልም የተቀረጸ ድራማ በሴኮንድ 24 ምስል ነው። ፓል የሚሄደው በ25 ነው። በአውሮፓና በአውስትራሊያ እትሞች ፊልሙን በ25 ማጫወት የተለመደ ስለሆነ ሁሉም ነገር 4 በመቶ ይፈጥናል። 50 ደቂቃ የነበረው 48 ይሆናል፣ ምንም ሳይቆረጥ። ድምፁም ካልተስተካከለ በትንሹ ይቀጥናል። ብዙ ሰው አይሰማውም። የመክፈቻውን ዘፈን በቃሉ የያዘ ሰው ግን ወዲያው ይነቃል። እንደዚያ ከሆናችሁ የኤንቲኤስሲውን፣ ማለትም የአሜሪካውን ስርዓት፣ እትም ፈልጉ።

ተገላቢጦሹም አለ። «ፍሬንድስ» በዲቪዲ ሲወጣ በስርጭት ያልታዩ ትዕይንቶች ተጨምረውባቸው የረዘሙ ክፍሎች ነበሩት። በ2012 የመጣው ብሉሬይ (ከዲቪዲ የጠራ ምስል የሚይዘው ዲስክ) ግን በቴሌቪዥን የተላለፈውን ቅጂ ይዟል። የትኛው ይሻላል? የበዛ ሁሉ የተሻለ አይደለም፤ ቀልድ ሲረዝም ይላላል። ግን ያ የኔ አስተያየት ነው፣ ረጅሙን ፍለጋ አሮጌውን ዲቪዲ የሙጥኝ ያለ ብዙ ሰው አለ።

ግንባር ተቆርጧል፣ ወይም ሰው ሁሉ ወፍሯል

ሰዎቹ ከወፈሩ ዲስኩ ምንም አልሆነም። ቴሌቪዥናችሁ ጠባቡን ምስል ለጥጦታል። በሪሞት የምስሉን ቅርጽ ወደ 4፡3 መልሱት፣ በቃ።

ግንባርና አገጭ ከተቆረጠ ግን ጥፋቱ የእትሙ ነው። የድሮ ድራማ ለ4፡3 ስክሪን ነው የተቀረጸው። አሳታሚው ሰፊውን ቴሌቪዥን ለመሙላት ወደ 16፡9 ሲለውጠው ከላይና ከታች በድምሩ የምስሉን ሩብ ይጥላል። የ«ኩንግ ፉ» የመጀመሪያ ሲዝን በ2004 እንደዚህ ተቆርጦ ወጥቷል። በ2010 የታደሰው «ዘ ወርልድ አት ዋር» የተባለው የጦርነት ዘጋቢ ፊልምም እንዲሁ። ለታሪክ ተብሎ የተሰበሰበን የጦር ሜዳ ምስል ለስክሪን ሙሌት መቁረጥ ለኔ ነውር ነው።

ጀርባው ላይ «4፡3» ወይም «1.33፡1» የሚል ፈልጉ። «ፉል ስክሪን» የሚለው ቃል አያሸብራችሁ። ለሲኒማ ፊልም ከሆነ የተቆረጠ ማለት ሊሆን ይችላል። ለድሮ ቴሌቪዥን ግን ትክክለኛው እሱ ነው። የ90ዎቹ መጨረሻ ድራማዎች ላይ ነገሩ ይወሳሰባል። «ባፊ» ለምሳሌ በአሜሪካው ዲቪዲ 4፡3 ነው፣ በእንግሊዙ ደግሞ ከአራተኛው ሲዝን ጀምሮ ሰፊ ነው። የድራማው ፈጣሪ ራሱ የመረጠው 4፡3ን ነው።

ምስሉ ደብዝዟል

በጨለማ ትዕይንት ላይ ምስሉ ወደ አራት ማዕዘን ቁርጥራጭ የሚበታተን ከሆነ፣ ብዙ ክፍል አንድ ዲስክ ላይ ተጠቅጥቋል ማለት ነው። ባለ ሁለት ንብርብሩ ዲቪዲ 8.5 ጊጋባይት ይይዛል። አራት ሰዓት ቢጫንበት ለምስልና ለድምፅ በሴኮንድ ወደ 4.7 ሜጋቢት ይደርሳል፣ ይህ ደህና ነው። ስምንት ሰዓት ቢጫንበት ግማሹ ነው። ርካሹ «ሙሉ ስብስብ» ብዙ ጊዜ ርካሽ የሆነው በዚህ ነው። የዲስኩን ብዛት ቁጠሩ፤ በየሲዝኑ የወጣው አምስት ዲስክ ሆኖ አዲሱ ሳጥን ለዚያው ሲዝን ሁለት ከሰጠ አሮጌውን ግዙ።

ሰው ሲንቀሳቀስ ጥላ የሚከተለው ከሆነ ምክንያቱ ሌላ ነው። ከኤንቲኤስሲ ወደ ፓል፣ ወይም በተቃራኒው የተለወጠ ቅጂ ነው። ድራማው የተሠራበትን አገር እትም መግዛት ያድናል።

ሁሉም እትም እኩል የደበዘዘ ከሆነስ? ድራማው የተቀረጸው ወይም የተቀናበረው በቪዲዮ ቴፕ ይሆናል። በቴፕ ከተቀረጸ የትኛውም «ሪማስተር» የሌለውን ዝርዝር አይፈጥርም። «ስታር ትሬክ፦ ዘ ኔክስት ጀኔሬሽን» በ35 ሚሊሜትር ፊልም ተቀርጾ በቴፕ የተቀናበረ ነው። ዲቪዲው የተሠራው ከቴፑ ነው። ከ2012 እስከ 2014 የወጣው ብሉሬይ ግን ፊልሙን ከመነሻው እንደገና በማቀናበር የተሠራ ነው። ለእሱ ድራማ ዲቪዲ ማማረጥ ድካም ብቻ ነው።

ታድሷል ተብሎ ሌላ ነገር ሆኗል

የመጀመሪያው «ስታር ትሬክ» ከ2006 ጀምሮ የጠፈር ምስሎቹ በኮምፒውተር በተሠሩ ተተክተዋል። በ2004 የወጣው ዲቪዲ የድሮዎቹን ይዟል፣ «ሪማስተር» የተባለው ዲቪዲ አዲሶቹን። ብሉሬዩ ሁለቱንም ያስመርጣል። «ሬድ ድዋርፍ»ም በ1990ዎቹ መጨረሻ እንዲሁ ታድሶ ነበር፣ ግን ከ2002 ጀምሮ በዲቪዲ የወጣው ዋናው ነው። የታደሰው ለብቻው በ2007 መጣ። «ሪማስተር» ስታዩ ምስሉ ታጠበ ወይስ ተተካ ብላችሁ ጠይቁ።

ማጫወቻው እምቢ አለ

የሪጅን ጉዳይ ነው፤ ዲስኩም ማጫወቻውም የተሸጡበትን የዓለም ክፍል የሚያመለክት ቁጥር አላቸው፣ ካልተገጣጠመ አይጫወትም። 1 አሜሪካና ካናዳ፣ 2 አውሮፓና ጃፓን፣ 4 አውስትራሊያና ላቲን አሜሪካ፣ 5 አብዛኛው አፍሪካ፣ ሕንድና ሩሲያ። 0 የሚል ወይም ቁጥር የሌለው በሁሉም ይሠራል። ሁሉንም ሪጅን የሚቀበል ማጫወቻ ዘላቂው መፍትሄ ነው። በኮምፒውተር ከሆነ ተጠንቀቁ፦ ድራይቩ ሪጅን የሚያስቀይራችሁ 5 ጊዜ ብቻ ነው፣ ከዚያ በመጨረሻው ላይ ይቆለፋል።

ሰብታይትሉ አይመጣም

ብዙ የአሜሪካ እትሞች ሰብታይትል ሳይሆን «ክሎዝድ ካፕሽን» (በምስሉ ሲግናል ውስጥ ተደብቆ የሚመጣ፣ ቴሌቪዥኑ ራሱ የሚያወጣው ጽሑፍ) ነው ያላቸው። እሱ በኤችዲኤምአይ ገመድ አያልፍም። በአሮጌው ባለ ሦስት ቀለም ገመድ፣ ቢጫው ላይ ብታገናኙት ሊመጣ ይችላል። ገና ካልገዛችሁ ግን ጀርባው ላይ «ሰብታይትል» የሚል የተጻፈበትን ምረጡ።

ክፍል ጎድሏል፣ ወይም ቅደም ተከተሉ ተዛብቷል

«ፋየርፍላይ» በ2002 ሲተላለፍ ጣቢያው ቅደም ተከተሉን አዘበራርቆ ሦስት ክፍል ሳያሳይ አቋረጠው። ዲቪዲው 14ቱንም በታሰበው ቅደም ተከተል አስቀመጣቸው። እዚያ ትዝታችሁን ሳይሆን ዲስኩን እመኑ።

አንዳንዱ ጉድለት ግን ገንዘብ አይፈታውም። ቢቢሲ የ1960ዎቹን «ዶክተር ሁ» ቴፖች ላያቸው ላይ እየቀረጸ አጥፍቷቸዋል፣ ፊልሞቹንም ጥሏል፤ ከ90 በላይ ክፍል የገባበት አልታወቀም ነበር። ድምፃቸው ግን ተመልካቾች ቤታቸው ስለቀዱት ተርፏል። አንዳንዶቹ በዚያ ድምፅ ላይ አኒሜሽን ተሠርቶላቸው የወጡት ለዚህ ነው። የጎደለውን ሁሉ «ሙሉ» አድርጎ የሚሸጥላችሁ ካለ ከዚያ ሻጭ ሽሹ።

ዲስኩ ራሱ

የዲስኩን ሆድ ገልብጣችሁ እዩ። ብርማ ወይም ወርቃማ ከሆነ በፋብሪካ የታተመ ነው። ሐምራዊ ከሆነ በዲስክ መቅጃ የተቀዳ («የተቃጠለ») ነው። ያ ሁልጊዜ ኮፒ ማለት አይደለም፤ ዋርነር አርካይቭ ከ2009 ጀምሮ ብዙ የቆዩ ሥራዎችን በዚህ መንገድ ሸጧል። ሐምራዊ ሆኖ የምስሉ ጥግ ላይ የቴሌቪዥን ጣቢያ አርማ ካለ ግን አለቀ፣ ከስርጭት የተቀዳ ነው።

በሁለቱም ገጽ የሚጫወት ዲስክ ከሆነ አሮጌ አትግዙ። የሚጠበቅ ሆድ እንጂ ጀርባ የለውም፣ ስለዚህ በቀላሉ ይጫራል። ሳይጫርም የሚበላሽ አለ። ዋርነር ብራዘርስ ከ2006 እስከ 2008 ከታተሙ ዲቪዲዎቹ መካከል በራሳቸው የሚበላሹ እንዳሉ በ2025 አምኗል።

ሳጥኑ ሲደርሳችሁ ታዲያ ለክረምት ብላችሁ መደርደሪያ ላይ አትስቀሉት። የመመለሻው ጊዜ ሳያልፍ እያንዳንዱን ዲስክ ከመጀመሪያው፣ ከመሐሉና ከመጨረሻው ጥቂት ጥቂት ደቂቃ አጫውቱት። መሐል ላይ ለቅጽበት ቆም ብሎ ከቀጠለ ደህና ነው፤ ከአንዱ ንብርብር ወደ ሌላው እየተሻገረ ነው። እዚያው ከቀረ መልሱት።