የቱርቦ ናፍጣ መኪና ኢንቴክ ማኒፎልድ እንዴት ተፈትቶ ይገጠማል

ፒክአፔ ዳገት ላይ መጎተት አቅቶት ነበር። አየሩን ወደ ሲሊንደሮቹ የሚያከፋፍለውን ቱቦ፣ ማኒፎልዱን፣ ፈትቼ ሳየው የአየር መግቢያው በጥቀርሻ ጠቦ ትንሿ ጣቴ እንኳ በግድ ነው የገባችው። ከጭስ ማውጫው ተመልሶ የሚገባው ጭስ ከሞተሩ የዘይት እንፋሎት ጋር ሲገናኝ እንደ ወፈረ ሽሮ ይጋገራል። ይህን በቤት ማጽዳት ይቻላል። መፍታቱ ቀላል ነው፤ ልብ የሚፈልገው መልሶ መግጠሙ ነው።

ነፋስ ሳይነሳ በጠዋት ጀምሩ። እኔ ባለሁበት አዳማ ዳር የነፋስ ኃይል ማመንጫ የተተከለው ነፋሱ ስላለ ነው። ያ ነፋስ የሚያነሳው አቧራ ክፍት ሞተር ውስጥ ከገባ ሲሊንደር ይፍቃል። እኔ በረንዳው ላይ አንሶላ ወጥሬ ነው የምሠራው።

ሞተሩ በደንብ ይቀዝቅዝ። የባትሪውን ነጌቲቭ ፍቱ። ማኒፎልዱ ጋር የተያያዘ የውሃ ቱቦ ካለ የራዲያተሩን ውሃ ቀንሱ። ሶኬቶቹን ከመንቀላችሁ በፊት በስልካችሁ ከየአቅጣጫው ፎቶ አንሱ።

የናፍጣ ቱቦዎች መንገድ ከዘጉባችሁ ተጠንቀቁ። ሞተሩ ሲሠራ በውስጣቸው ያለው ግፊት ከ1,000 ባር ሊበልጥ ይችላል፤ ሞተሩ ጠፍቶ በቂ ጊዜ ሳይቆይ አትንኳቸው። ስትፈቱ ዙሪያውን ቀድማችሁ አጽዱ፣ አፋቸውንም ወዲያው በንጹሕ ላስቲክ ሸፍኑ።

ብሎኖቹን ከዳር ወደ መሃል ፍቱ። ካርቶን ላይ የማኒፎልዱን ቅርጽ ስላችሁ እያንዳንዱን ብሎን በቦታው ሰኩት፤ ርዝመታቸው ሊለያይ ይችላል። ሁሉም ተፈትቶ አልነቀል ካለ በካቻቢቴ አትፈንቅሉት። ብዙ ጊዜ ከስር የተደበቀ ድጋፍ ቀርቷል። በመስታወትና በስልክ መብራት ፈልጉት።

እንደወጣ ወደ ቴስታታው (ማኒፎልዱ የሚታሰርበት የሞተሩ የላይኛው ክፍል) የሚገቡትን ቀዳዳዎች በንጹሕ ጨርቅ ድፈኑ። ስንት ጨርቅ እንደከተታችሁ ጻፉ። ስትገጥሙ ቁጥሩ እኩል መሆን አለበት።

ማኒፎልዱን ናፍጣ ውስጥ አሳድሩት። ጠዋት በእንጨትና በብሩሽ ፍቁት፣ በሙቅ ውሃና በፈሳሽ ሳሙና እጠቡት፣ እስኪደርቅ ጠብቁ። ኮስቲክ ሶዳ ቶሎ ያጸዳል የሚሏችሁን አትስሙ። አሉሚኒየም ይበላል።

አሁን ዋናው ነገር። ማኒፎልዱና ቴስታታው የሚገናኙበት ፊት ላይ የድሮው ጓርኒሲዮን፣ በመካከላቸው የሚገባው ስስ ማሸጊያ፣ ተጣብቆ ይቀራል። በመጀመሪያው ጊዜ እኔ በጨርቅ ጠርጌ፣ ንጹሕ መስሎኝ አዲሱን አስቀመጥኩበት። ሞተሩ ተነሳ። ቆሞ ሲሠራ ድምፁ ልስልስ ያለ ነበር፤ ጎረቤቶቼ ሁሉ እንኳን ደስ አለህ አሉኝ። በማግስቱ ወደ አሰላ ስሄድ፣ ዴራን አልፌ የኢተያ ዳገት ላይ መኪናው ጉልበት አጣ። ከኋላ ጥቁር ጭስ፣ ከኮፈኑ ሥር ደግሞ «ፊሽሽ» የሚል ድምፅ። መልሼ ስፈታው ከጓርኒሲዮኑ ሥር ምስር የምታክል አሮጌ ቁራጭ አገኘሁ።

ቱርቦ ያለው ሞተር የሚያታልለው እዚህ ላይ ነው። ቆሞ ሲሠራ ማኒፎልዱ ውስጥ ግፊት የለም ማለት ይቻላል፤ ስለዚህ ክፍተቱ አይሰማም። ጭነት ሲመጣ ቱርቦው አየሩን ይገፋል፣ አየሩ በክፍተቱ ያመልጣል። የተለካው ናፍጣ ግን ለሙሉው አየር ነው፣ ስለዚህ በደንብ ሳይቃጠል ጥቁር ጭስ ሆኖ ይወጣል።

ስለዚህ ፊቱን በፕላስቲክ መፋቂያ ፋቁት። ከዚያ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ በጣታችሁ ጫፍ ዳስሱት። ዓይን ያለፈውን ጣት ያገኘዋል። ቀጥ ያለ ማስመሪያ በጠርዙ አቁሙና ከኋላው መብራት አብሩ፤ ብርሃን በሰፊው ካሳለፈ ፊቱ ጠሟል። ጓርኒሲዮኑ አዲስ ይሁን። በእሱ ፈንታ ሲሊኮን መቀባት አልወድም፤ ወደ ውስጥ የተረፈው ተቆርጦ ወደ ሞተሩ ይገባል።

ጨርቆቹን ቆጥራችሁ አውጡና ግጠሙ። ብሎኖቹን መጀመሪያ በእጅ አስገቡ። ከዚያ ከመሃል ወደ ዳር እያፈራረቃችሁ በሁለት ዙር አጥብቁ። 12 ቁጥር መፍቻ የሚገባባቸው ብሎኖች ብዙ ጊዜ 20 ኒውተን ሜትር አካባቢ ይበቃቸዋል፤ የመኪናችሁ ማኑዋል የሚለው ግን ይቀድማል። ለዚህ ሥራ ቶርክ መፍቻ (የማጥበቂያውን ኃይል የሚለካ) ተዋሱ። በስሜት ያጠበቀ ሰው የአሉሚኒየሙን ጥርስ ይበላዋል።

ወደ መንገድ ሳትወጡ ሞክሩት። ከኢንተርኩለር (የቱርቦውን አየር ከሚያቀዘቅዘው) የሚመጣውን የጎማ ቱቦ ፍቱና የማኒፎልዱን በኩል የመኪና ጎማ መንፊያ ቫልቭ በተገጠመበት ክዳን ዝጉ። በብስክሌት መንፊያ እስከ 0.5 ባር ንፉ፣ ከዚያ አትለፉ። በመገጣጠሚያው ዙሪያ የሳሙና ውሃ ቀቡ። ግፊቱ በሞተሩ ቫልቮች በኩል ቀስ እያለ ቢወርድ አያስደንግጣችሁ፤ የምትፈልጉት አረፋ ነው። አረፋ ካላያችሁ ሁሉንም መልሱ፣ ውሃ ሙሉ፣ ናፍጣውን በእጅ ፓምፑ ስቡና አስነሱ።

እኔ በሁለተኛው ጊዜ ያንኑ የኢተያ ዳገት በሦስተኛ ማርሽ ወጣሁት። በመስታወት ወደ ኋላ አየሁ፤ ጭስ አልነበረም።