ከጀርባው የዛገ ፓራውልት፦ ፒካፕ ያላችሁ እዚህ ላይ አትሳሳቱ

«ጎንደር ባሕር የላት፣ የባሕር ነፋስ የላት፤ የእኔ ፓራውልት ምን ነክቶት ነው እንዲህ የበሰበሰው?» የሚለኝ ደንበኛ አይጠፋም። ፓራውልት ማለት ከመኪናው ፊትና ኋላ ያለው የግጭት መከላከያ ብረት ነው። መልሱ ፒካፑ ሲጭን የከረመው ጭነት ነው። ለከብት የሚላስ ጨው ጭኗል። ማዳበሪያ ጭኗል። ለበዓል ገበያ በግ ጭኗል፤ በግ ደግሞ እስኪደርስ ሽንቱን አይዝም። ሁሉም በስፖንዳው ስር ተንጠባጥቦ የሚያርፈው የኋላ ፓራውልቱ ላይ ነው። ክረምት ሲገባ ጎማው የሚረጨው ጭቃ ከውስጥ በኩል ይለጠፍና እርጥበቱን ይዞ ይከርማል። ብረት ለመዛግ ውሃና አየር ይበቃዋል። ጨው ሲጨመርበት ያጣድፈዋል።

ስለዚህ ዝገቱ የሚጀምረው ከጀርባ ነው። እናንተ ፊቱ ላይ ትንሽ ቡግር ስታዩ ጀርባው ካለቀ ቆይቷል። የመጀመሪያው ስህተት ቆሞ መመርመር ነው። ከስር ግቡና ተኙ። የስልካችሁን መብራት አብሩ። ከሻንሲው፣ መኪናውን ከስር ከሚሸከመው ብረት፣ ጋር የሚያያዝበትን ቦታ በካቻቢቴ ጫፍ ወጋ ወጋ አድርጉት። ጤነኛ ብረት ቀጭ ይላል። የተበላው ግን ድምፁ የታፈነ ነው፤ ዝገቱም እንደ ሽንኩርት ልጣጭ በድርብ በድርቡ እየተቀረፈ ፊታችሁ ላይ ይራገፋል። ካቻቢቴው ሰርስሮ ከገባ ፓራውልቱ ይቀየራል። ዝገቱ ላይ ላዩን ብቻ ከሆነ ግን ጠርጎ መቀባት ይበቃል፤ ገንዘባችሁን አታባክኑ።

ስቱኮ! ጥምቀት ሲቃረብ ወይም የቦሎ ጊዜ ሲደርስ ያው ጥያቄ ይመጣል። «ቀዳዳውን በስቱኮ ድፈንልኝና ቀለም ቀባልኝ፣ ለጊዜው ነው።» ለጊዜው የሚባል ነገር የለም። ስቱኮ እንደ ሊጥ ተለጥፎ የሚደርቅ መሙያ ነው፤ የተሠራው ጤነኛ ብረት ላይ በስሱ ተቀብቶ የጎደጎደውን እንዲያስተካክል ነው። ቀዳዳ አይሸከምም። የዛገ ቦታ ላይ ስትለጥፉት የያዘው ዝገቱን እንጂ ብረቱን አይደለም፤ ዝገቱ ደግሞ ራሱ ከብረቱ እየለቀቀ ነው። ይባስ ብሎ እርጥበት ይመጥጣል፣ የመጠጠውንም ከብረቱ ጋር አፍኖ ያቆየዋል። የውጭ አልጋ የውስጥ ቀጋ ማለት ይህ ነው። አንድ ክረምት ሲያልፍበት አረፋ ያወጣል፣ ይሰነጠቃል፣ በቁራጭ በቁራጭ ይወድቃል።

ይህ የመልክ ጉዳይ ብቻ ቢሆን ዝም እል ነበር። ግን የፒካፕ የኋላ ፓራውልት መወጣጫም ነው። ኩንታል የተሸከመ ሰው ሙሉ ክብደቱን ያሳርፍበታል። አንድ ደንበኛ በጎርጎራ መንገድ ጭቃ የያዘውን ሚኒባስ ሊጎትት ካቦውን በስቱኮ የተሞላ ፓራውልት ላይ አሰረ። ፒካፑ ሄደ፣ ፓራውልቱ ከሚኒባሱ ጋር ቀረ። ካቦው ተወንጭፎ ሰው አለመምታቱ ተመስገን ነው። ካቦ የሚታሰረው ሻንሲው ላይ ያለው ጋንቾ (የመጎተቻ መንጠቆ) ላይ ነው፤ ፓራውልቱ አዲስ ቢሆንም እንኳ።

አዳዲስ የጋራዥ ልጆች ደግሞ መፍታት ላይ ይቸኩላሉ። ቁልፉ ላይ ቱቦ ሰክተው ይንጠለጠላሉ፤ የቡሎኑ ራስ ይቆረጥና የቀረውን በትራፓኖ ለማውጣት ግማሽ ቀን ይሄዳል። ጉልበታችሁን እወደዋለሁ፣ ለሌላ ሥራ አቆዩት። የቡሎኑን ጥርስ በሽቦ ብሩሽ ጥረጉ፣ የዝገት ማላቀቂያ ርጩበት፣ ይደርበት። ጠዋት ትንሽ ጠበቅ፣ ትንሽ ላላ እያደረጋችሁ አለማምዱት። በእሳት አሞቃለሁ የሚል መጀመሪያ ዙሪያውን ይይ። ስኮርታ ጎማው እዚያው አጠገብ ነው የተሰቀለው፤ የሞቀ ጎማ ደግሞ ይፈነዳል። የፍሬን ቱቦውና የነዳጅ መስመሩም ሩቅ አይደሉም። የመጨረሻው ቡሎን ሳይወጣ ከስር ክሪክ ይግባ፤ አለዚያ ፓራውልቱ እግራችሁ ላይ ነው የሚያርፈው።

«ቡሎን ምን ያደርጋል፣ ሻንሲው ላይ በይደው» የሚል አለ። አልበይድም። በሙቀት የተነካ ሻንሲ ስንጥቅ የሚጀምረው ከብየዳው ጫፍ ነው። ከኋላ ሲገጩም ፓራውልቱ ተጣሞ ዱላውን ሊቀንስ ሲገባው ሻንሲውን ይዞት ይጣመማል። ቡሎን ይግባ፤ አዲስ፣ ጥንካሬው ከፋብሪካው ያላነሰ፣ ራሱ ላይ 8.8 ወይም 10.9 የሚል ቁጥር ያለው። ሌላ ነገር ለመበየድ ከሆነም ፓራውልቱን አውርዳችሁ በይዱ። መኪናው ላይ ካልሆነ የማይሆን ሲሆን የባትሪውን ኔጋቲቭ ንቀሉ።

ኦሪጅናሉ ውድ ነው ብሎ ከቱቦላሬ (ውስጡ ባዶ ከሆነ የብረት ቱቦ) ማሠራት ክፋት የለውም። እኔም እሠራለሁ። ችግሩ ውሃው ነው። ጫፉ ክፍት ከተተወ ጭቃ ይሞላል። ጥርቅም ተደርጎ ከተዘጋም በብየዳው ክፍተት የገባ ውሃ መውጫ አጥቶ ከውስጥ ይበላዋል። ጫፉን ዝጉና ዝቅ ባለው በኩል የውሃ መውጫ ብሱ። ጋልቫናይዝድ (ዚንክ የተለበጠ) ቱቦላሬ ከሆነ የሚበየድበትን ቦታ ዚንኩን በሞላ አንሱ፣ በር ተዘግቶም አይበየድ፤ ጭሱ ማታ እንደ ወባ ያንቀጠቅጣል። ከብየዳ በኋላ ስፌቱ ላይ ዚንክ የሚባል ስለማይቀር ዚንክ ያለበት ቀለም ካልተቀባ ዝገቱ የሚነሳው ከዚያው ነው።

ቀለም ላይ አጭር ነኝ። ቅርፊቱ በሽቦ ብሩሽና በብርጭቆ ወረቀት ይውጣ፤ ዝገት ወደ ጥቁር የሚቀይረው ኬሚካል ቅርፊት ላይ ቢፈስ ዋጋ የለውም። ብረቱ በቲነር ይጠረግ። አንቲረስት (ዝገት ተከላካዩ ቀለም) ከጀርባ ይጀመር፣ ሁለት ጊዜ፣ ስስ ስስ ተደርጎ። ሐምሌ ላይ ደጅ አትቀቡ፤ ብረቱ በዓይን የማይታይ እርጥበት ይይዛል። ፀሐይ ያጋለው ብረትም አይሆንም።

የተቃጠለ ዘይት መቀባት ከአባት የወረስነው ነው። ተዉት። አቧራ ይሰበስባል፣ ጎማውን ያበላሻል፣ ነገ ቀለም ልቀባ ብትሉ አይዝላችሁም። ጨው ወይም በግ የጫናችሁ ዕለት ማታ በንጹሕ ውሃ ከስር አጥባችሁ ማደር ከዘይቱ ይበልጣል። አጣቢው ልጅ ጎኑን አሳምሮ ከስሩን ከዘለለ መልሱት።

ፓራውልቱን ስትገጥሙ የታርጋ መብራቱንም መልሳችሁ አገናኙ። ካልሆነ ማታ ትራፊክ ያስታውሳችኋል።