ቅድመ አያቴን ስፈልግ የሠራኋቸው ስህተቶች

ከሦስት ዓመት በፊት አክስቴ ከአልጋዋ ሥር የቆርቆሮ ሳጥን ስባ አወጣች። ከውስጡ በጨርቅ የተጠቀለለ ወረቀት አንስታ ሰጠችኝ። የ1939 ዓ.ም. የመሬት ግብር ደረሰኝ ነው። መሬቱ «ለም ጠፍ» (በከፊል ለም) ተብሎ ተመድቧል። ማኅተም አለው። ከፋዩ ደግሞ ወልደ ሚካኤል ይላል። በእኛ ቤት ወልደ ሚካኤል የሚባል ሰው ሰምቼ አላውቅም። «ይሄ የጎረቤት ወረቀት ይሆናል» ብዬ መለስኩላት። እሷም «እንግዲህ የተማርከው አንተ ነህ» አለችና መልሳ ጠቀለለችው።

ወረቀቱ የእኛ ነበር። ወልደ ሚካኤል ቅድመ አያቴ ነው። በእጄ ይዤው የመለስኩትን ሰው ፍለጋ ከዚያ በኋላ አሥራ አራት ወር ተንከራተትኩ። የምንኖረው ለገጣፎ ነው፤ ዘመድ ግን ከኮተቤ እስከ ሰንዳፋ ተበትኗል። ስለዚህ የታክሲ ብሩም ቀላል አልነበረም። እናንተም የቅድመ አያታችሁን ታሪክ ለመፈለግ ካሰባችሁ፣ እኔ የወደቅኩባቸው ጉድጓዶች እነዚህ ናቸው።

ከቀበሌ መጀመር

መጀመሪያ የሄድኩት ቀበሌ ነው። የልደት መዝገብ ይኖራል ብዬ። አሁን ሳስበው ያስቀኛል። ቀበሌ ራሱ የመጣው ከ1967ቱ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ በኋላ ነው። በአገር ደረጃ የልደት፣ የጋብቻና የሞት ምዝገባ በሕግ ተደንግጎ ሥራ የጀመረው ደግሞ በ2008 ዓ.ም. ነው። በምኒልክ ዘመን የተወለደን ሰው የልደት ወረቀት የሚጠብቅ ሰው፣ ያልተዘራ ማሳ ላይ ማጭድ ይዞ እንደሚቆም ነው።

የዚያ ዘመን ሰው ስሙ የሚጻፈው ለሌላው ጉዳይ ሲያስፈልግ ነው። ግብር ሲከፍል፣ ሲካሰስ፣ ሲናዘዝ፣ ለቤተ ክርስቲያን መሬት ወይም መጽሐፍ ሲሰጥ፣ ሲዘምት፣ ሲሞት። ስለዚህ «መዝገቡ የት ነው?» ከማለታችሁ በፊት «የዚህን ሰው ስም ለመጻፍ ምክንያት የነበረው ማን ነው?» በሉ። እኔ ይሄን ጥያቄ ቀድሜ ብጠይቅ ኖሮ ያንን ደረሰኝ አልመልሰውም ነበር።

በአንድ ስም መፈለግ

ከስህተቶቼ ሁሉ ትልቁ ይሄ ነው፣ ስለዚህ ትንሽ ልዘርዝረው።

የእኛ ሰው ስሙ አንድ አይደለም። እናቱ ያወጣችለት የቤት ስም አለው። ወንድ በአርባ ቀን፣ ሴት በሰማንያ ቀን ክርስትና ሲነሱ የሚሰጥ የክርስትና ስም አለ። በፍትሐት የሚጠራውም፣ በቤተ ክርስቲያን ወረቀት የሚገኘውም ይሄኛው ነው። ጦር ሜዳ የዋለና ፈረስ ያለው ከሆነ የፈረስ ስም ይጨመራል። አፄ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ደጃዝማች ባልቻ አባ ነፍሶ፣ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ አባ መላ ይባሉ እንደነበረው፣ ከእነሱ በታች ያለውም ሰው ያው ነው። ሽማግሌ ሲያወራ «አባ እገሌ» ብሎ ብቻ ሊያልፍ ይችላል፤ እናንተ መነኩሴ ይመስላችኋል።

በአዲስ አበባ ዙሪያ ደግሞ ሌላ ነገር አለ። ብዙ ቤተሰብ ኦሮሞና አማራ፣ አንዳንዱም ጉራጌ ተጋብቶ የኖረ ነው። ቤት ውስጥ ቶላ ሲባል የኖረ ሰው ቤተ ክርስቲያን ሲገባ ወልደ ጊዮርጊስ፣ ፍርድ ቤት ሲቆም ደግሞ ሌላ ሊሆን ይችላል። አክስቴም የጠራችልኝ የቤት ስሙን ነበር። የክርስትና ስሙን ያወቅኩት «ተዝካሩ ላይ ቄሱ ምን ብለው ጠሩት?» ብዬ ስጠይቃት ነው። አፍ አውጥታ «ወልደ ሚካኤል ነዋ» አለችኝ። «እትዬ፣ ያን ቀን ለምን አልነገርሽኝም?» አልኳት። «አልጠየቅከኝማ!» አለች።

ማዕረግም ያታልላል። ባላምባራስ፣ ግራዝማች፣ ቀኛዝማች በስሙ ፊት ካለ ሰውየው ማዕረጉን ያገኘው በየትኛው ዓመት እንደሆነ አስቡ፤ ከዚያ በፊት ባለው ወረቀት ላይ ያለ ማዕረግ ነው የሚገኘው። የቤተሰብ ስም የሚባል ነገር እንደሌለንም አትርሱ። ከስማችን ጀርባ ያለው አባትና አያት ነው። የአሁኑ መታወቂያችሁ ላይ ያለው ሦስተኛ ስም ከቅድመ አያታችሁ ጋር አይገናኝም።

ፊደሉም አለ። ኃይሉ፣ ሀይሉ፣ ሐይሉ፤ ዓለሙ፣ አለሙ፤ ሠይፉ፣ ሰይፉ፤ ፀጋዬ፣ ጸጋዬ። ጸሐፊው እንደመጣለት ነው የጻፈው። ማውጫ ስታገላብጡ በሁሉም ፊደል ፈልጉ። የጣሊያን ዘመን ወረቀት ካገኛችሁ ደግሞ ስሙ በጣሊያን ጆሮ ነው የተጻፈው፤ ወልዴ በ«ወ» ሳይሆን በ«ኡ» ነው የሚጀምረው።

«አባባ» ማን ነው?

አክስቴ «አባባ እንዲህ አለ፣ አባባ እንዲህ አደረገ» ስትል አባቷን መስሎኝ ሦስት ካሴት ሙሉ ቀረጽኩ (ካሴት ስል ስልክ ነው፣ ልማድ ሆኖብኝ)። ለካ አባባ የምትለው አያቷን ነው፤ ያሳደጋት እሱ ነው። አንድ ትውልድ ዘልዬ ሙሉ የዘር ሐረግ ሠርቼ ነበር፤ ቀደድኩት።

በአያት እጅ ያደገ ልጅ በአያቱ ስም መጠራቱ ደግሞ በጣም የተለመደ ነው። በወረቀት ላይ «የእገሌ ልጅ» ይላል፣ በደም ግን የልጅ ልጅ ነው። ጉዲፈቻም፣ የጡት ልጅም፣ በእንጀራ አባት ስም የተጠራም አለ። ስለዚህ በእያንዳንዱ ስም ላይ «ወልዶት ነው ወይስ አሳድጎት?» ብላችሁ ጠይቁ። አያት፣ ቅድመ አያት፣ ቅማት፣ ምንዥላት እያሉ ሰባት ቤት የሚቆጥሩ ሽማግሌዎች አሉ፤ ሲቆጥሩ አታቋርጧቸው። ካቋረጣችኋቸው ከመጀመሪያው ነው የሚጀምሩት።

ዓመቱን እንደተነገረ መቀበል

«ስንት ዓመቱ ነበር ሲሞት?» ብትሉ «መቶ አልፎታል» ይባላችኋል። የሁሉም ሰው ቅድመ አያት መቶ አልፎታል። ዕድሜ አትጠይቁ፤ ክስተት ጠይቁ። ክፉ ቀን (ከ1880 እስከ 1884 የነበረው ረሀብ)፣ አድዋ 1888፣ ሰገሌ 1909፣ የኅዳር በሽታ 1911፣ የጃንሆይ ዘውድ መጫን 1923፣ ማይጨው 1928። «ያኔ ተወልዶ ነበር? ሚስት አግብቶ ነበር? ልጅ ነበረው?» ብትሉ መልስ ይመጣል።

የእኔን ላሳያችሁ። አክስቴ «አባባ ከአድዋ በኋላ በሉቃስ ነው የተወለደው» አለች። ዘመነ ወንጌላዊን ማስላት ቀላል ነው። ዓመተ ምሕረቱን ለአራት አካፍሉ። አንድ ከተረፈ ማቴዎስ፣ ሁለት ከተረፈ ማርቆስ፣ ሦስት ከተረፈ ሉቃስ፣ ምንም ካልተረፈ ዮሐንስ ነው። 1888 ለአራት እኩል ይካፈላል፤ አድዋ በዘመነ ዮሐንስ ነው ማለት ነው። ቀጥሎ ያለው ሉቃስ 1891፣ ከዚያ ደግሞ 1895። የቱ? «የኅዳር በሽታ ጊዜ ሁለት ልጆቹን ታቅፎ ገደል ውስጥ ተደብቋል» ብላኝ ነበር። በ1895 የተወለደ በ1911 አሥራ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ሁለት ልጅ አይመስለኝም። 1891 ብዬ ያዝኩ። በእርሳስ ነው የጻፍኩት።

በግዕዝ ቁጥር የተጻፈ ነገር ሲገጥማችሁ ደግሞ ቀስ በሉ። ፮ እና ፯ በድሮ የእጅ ጽሑፍ መንታ ናቸው። ፲፰፻፺፩ ካለ 1891 ነው። ፸፫፻፺፪ ብሎ ካያችሁ ግን አትደንግጡ፤ ዓመተ ዓለም (ከዓለም ፍጥረት ጀምሮ የሚቆጠረው) ነው። 5500 ስትቀንሱለት 1892 ይሆናል።

ከፈረንጅ ወረቀት ጋር ስታመሳክሩ «ስምንት ጨምር» የሚለውን ልማድ ተዉት። ከመስከረም 1 ጀምሮ ፈረንጆቹ ዓመታቸውን እስኪለውጡ ድረስ ልዩነቱ ሰባት ነው፤ ከዚያ በኋላ እስከ ጳጉሜን ስምንት ይሆናል። ኅዳር 1911 በእነሱ 1918 ነው፤ የካቲት 1888 ግን 1896። በጣሊያን ወረራ ዘመን ወረቀት ላይ ከፈረንጅ ዓመቱ ጎን በሮማውያን ቁጥር የተጻፈ ትንሽ ቁጥር ካያችሁ የፋሺስቱ ዘመን አቆጣጠር ነው። 15 ካለ ከ1936 ጥቅምት ማብቂያ እስከ 1937 ጥቅምት በእነሱ ማለት ነው። የየካቲት 12ቱ ጭፍጨፋ በዚያ ውስጥ ይወድቃል።

መሬት ሳያነሱ ስለ መሬት መጠየቅን አለማወቅ

ይሄ የከተማ ዳር ጣጣ ነው። መሃል አዲስ አበባ ላለ ሰው ላይገባው ይችላል። እኛ ጋ ካሬው በስንት እንደሚሸጥ ታውቃላችሁ። ካሳ የበላ፣ ካሳ የቀረበት፣ ከወንድሙ ጋር የተጣላ በየቤቱ አለ። በዚህ መሃል አንድ ጎረምሳ ደብተር ይዞ መጥቶ «የቅድመ አያቴ ርስት ከየት እስከ የት ነበር?» ሲል ሰዉ ምን ያስባል? አንድ የአባቴ አጎት ቡናውን ሳይጨርስ ተነስቶ ወጣ። በኋላ የሰማሁት «ውርስ ሊከፍት ነው» ተብሎ ነው።

መጀመሪያ ቤተሰቡን ሰብስባችሁ ለምን እንደምትፈልጉ ተናገሩ። መሬቱ በየካቲት 25 ቀን 1967ቱ አዋጅ የመንግሥት ሆኗል፤ የምትፈልጉት ሰውየውን እንደሆነ በግልጽ በሉ። ከዚያ ስለ እርሻው ሳይሆን ስለ ጎረቤቶቹ ጠይቁ። «ከማን ጋር ደቦ ይወጣ ነበር?» ብትሉ ድንበሩ ራሱ ይመጣል።

ግን የመሬት ወረቀት አትናቁ። በእኔ ግምት ከሁሉ የሚበልጠው እሱ ነው። የቀላድ ልኬት (መሬት በገመድ ሲለካ የተጻፈው)፣ የግብር ደረሰኝ፣ ኑዛዜ፣ ከሁሉም በላይ የርስት ክርክር መዝገብ። ርስት የሚጠይቅ ሰው ከማን እንደሚወለድ መቁጠር ነበረበት፤ ተከሳሹም እንዲሁ። አንድ መዝገብ ውስጥ አምስት ትውልድ ልታገኙ ትችላላችሁ። የወራሽነት ማረጋገጫ የጠየቀ ዘመድ ካለም በፋይሉ ውስጥ ልጆች ሁሉ ተዘርዝረዋል። ብቻ አንድ ነገር፤ ሰው ለመሬት ሲል ዘር ያስረዝማል፣ ወንድም ይሰርዛል። በሁለቱም ወገን ያልተካደውን ብቻ እንደ እውነት ያዙ።

የዛሬውን አድራሻ ይዞ መሄድ

«ለገጣፎ» ብዬ ስፈልግ ምንም አላገኘሁም። በጃንሆይ ጊዜ የአዲስ አበባ ዙሪያ አብዛኛው በሸዋ ጠቅላይ ግዛት በመናገሻ አውራጃ ሥር ነበር። ከ1984 በኋላ ኦሮሚያ ሆነ። በ2015 ደግሞ ቡራዩ፣ ሰበታ፣ ሱሉልታ፣ ለገጣፎ ለገዳዲ እና ሌሎቹ ሸገር ከተማ ገቡ። በየለውጡ ፋይል ይጓጓዛል፣ ከፊሉም ምድር ቤት ውስጥ አይጥ ይበላዋል። የቦታ ስምም ተቀያይሯል፤ ሆለታን ገነት፣ አምቦን ሀገረ ሕይወት፣ ቢሾፍቱን ደብረ ዘይት የሚል ወረቀት ይገጥማችኋል። የቀድሞውን ምክትል ወረዳ፣ የጭቃ ሹሙን ስምና የአጥቢያ ቤተ ክርስቲያኑን ታቦት ይዛችሁ ሂዱ። ወመዘክር (ብሔራዊ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት) ስትገቡም የምትጠይቁት በዚያ ስም ነው። እዚያ ያሉ የድሮ ጋዜጦችንም አትዝለሉ፤ ከ1933 ጀምሮ የወጣው አዲስ ዘመን ላይ የፍርድ ቤት ጥሪ ይታተማል።

ቤተ ክርስቲያን ስትሄዱ በዓል ቀን አትሂዱ። እኔ በንግሥ ቀን ሄጄ ቄሰ ገበዙን መጽሐፍ አሳዩኝ አልኳቸው። ስቀው ብቻ አለፉኝ። አጥቢያውን የሚያውቅ ሽማግሌ አስቀድሙ፣ ካሜራውን ኪሳችሁ ውስጥ ተዉት። የድሮ ወንጌልና ገድል ኅዳግ ላይ የመሬት ስጦታና የምስክሮች ስም ይጻፍ ነበር፤ ሲፈቀድላችሁ በእጃችሁ ገልብጡ።

ትልቅ ሰው ብቻ መፈለግ

አጭር ነው። ሁላችንም የፊታውራሪ ዘር አይደለንም። ጭሰኛ፣ ሸማኔ፣ አንጥረኛ፣ ከሩቅ አገር ተሽጦ የመጣ ሰው ቅድመ አያት ሊሆን ይችላል። ዘመድ «እሱን ተወው» ካላችሁ፣ ምናልባት ታሪኩ እዚያ ጋ ነው። ግን ያልተጠየቀ ሰው ፊት አታንሱት።

ላሚኔት ማስደረግ

እባካችሁ። ዘመዴ አንድ የድሮ ኑዛዜ «እንዳይበላሽ» ብሎ ፎቶ ኮፒ ቤት ወስዶ ላሚኔት አስደረገው። ሙቀቱና ሙጫው ከወረቀቱ ጋር አንድ ሆኗል፤ አሁን ማውጣት አይቻልም። በንጹሕ ወረቀት ጠቅልላችሁ ደረቅና ጨለማ ቦታ አስቀምጡ። ፎቶ ስታነሱም ፊቱን ብቻ አይደለም፤ ጀርባውንም።

ስለ ጀርባው የምናገረው አለ። ከአሥራ አራት ወር በኋላ አክስቴ ጋ ተመልሼ ያንን ደረሰኝ ይቅርታ ጠይቄ ተቀበልኳት። ፊቱን አነሳሁ። ገለበጥኩት። ጀርባው ላይ በእርሳስ፣ ሊጠፋ ጥቂት የቀረው ጽሑፍ አለ፦ ጌሾ፣ ማር፣ ጤፍ፣ ከፊት ለፊታቸው ቁጥር። ከላይ «ለወለተ ማርያም ተዝካር» ይላል። አክስቴ መነጽሯን ሁለት ጊዜ ጠርጋ አየችውና «እማማ ናት» አለች። በአንድም የግብር ወረቀት፣ በአንድም መዝገብ ላይ ያላገኘኋት ቅድመ አያቴ።

አሁን የምፈልገው እሷን ነው። አባቷ ማን እንደሆነ አክስቴ አታውቅም፤ «ከሰላሌ ነው የመጣችው» ትላለች። ሰንዳፋ ያለች የሰማንያ ስምንት ዓመት ዘመድ አለች ብላኛለች። ቅዳሜ እሄዳለሁ፤ ንግሥ አለመሆኑን አይቻለሁ።