የካንትሪ ሮክ ሸክላ ስታደምጡ
ጆሯችሁን ፔዳል ስቲል ጊታሩ (አግድም ተቀምጦ በብረት ዘንግና በእግር መርገጫ የሚጫወቱት ጊታር) ላይ ጣሉ። በ1968 እ.ኤ.አ. የወጣው የአሜሪካው ባንድ የዘ በርድስ አልበም «ስዊትኸርት ኦፍ ዘ ሮዲዮ» ለዚህ ግሩም ነው፤ ሎይድ ግሪንና ጄይዲ ማኔስ በዚህ ጊታር የሚስቧቸው ረጃጅም ኖታዎች የትኛውንም መዛባት ያጋልጣሉ። ድምፁ በየ1.8 ሰከንዱ (በደቂቃ 33⅓ ዙር ፍጥነት የአንድ ዙር ጊዜ ነው) ከተዋዠቀ የማጫወቻውን ክንድ ተመልከቱ፦ ግራና ቀኝ ከተወዛወዘ የሸክላው ቀዳዳ መሃሉን ስቷል፣ ላይና ታች ካለ ሸክላው ጎብጧል።

ወደ መሃል ስትቃረቡ «ስ» እና «ሽ» ከሻከሩ መጀመሪያ መርፌውን ከኋላ ወደ ፊት ብቻ በብሩሽ ጥረጉ። መሃሉ አካባቢ ዙሩ ስለሚጠብ ድምፁ ተጨናንቆ ነው የተቀረጸው። ካልተሻለ የመርፌውን ጫና አምራቹ ወደፈቀደው ላይኛ ገደብ አስጠጉ፤ ለምሳሌ 1.8–2.2 ግራም ከሆነ ወደ 2.1። ጫናውን ማቅለል ሸክላውን አያድነውም፤ የቀለለ መርፌ እየዘለለ ድምፁ የተቀረጸበትን ቦይ ግድግዳ ይፍቃል።