የዲሽ ሪሲቨር ሶፍትዌር በፍላሽ እንዴት ይጫናል?

ቻናል ስለጠፋ ብቻ ሪሲቨር ላይ ሶፍትዌር አይጫንም። ብዙ ጊዜ ጣቢያው ፍሪኩዌንሲ ቀይሮ ነው። አዲሱን አስገብቶ ሰርች ማድረግ ይበቃል። ምስል ከተቆራረጠም መጀመሪያ ሲግናሉን እዩ፤ ዲሹን ነፋስ አዙሮት ወይም ዲሹ ፊት ያለው ሲግናል ተቀባይ (ኤልኤንቢው) ተበላሽቶ ሊሆን ይችላል። ሶፍትዌር የሚያስፈልገው ሪሲቨሩ በየጊዜው ስታክ ካደረገ ወይም አዲሱ ቨርዥን የምትፈልጉት ነገር ካለው ነው። ያለዚያ ደህና የሚሠራ ዕቃ ባትነካኩ ይሻላል።

መጫኑ ራሱ የጥቂት ደቂቃ ጉዳይ ነው። ሥራው ያለው ትክክለኛውን ፋይል ማግኘቱ ላይ ነው። ሽፋኑ ላይ ያለውን ስም አትመኑ። ስማቸውም መልካቸውም አንድ ሆኖ ውስጣቸው የተለያየ ቦርድ ያላቸው ሪሲቨሮች ሞልተዋል። ሜኑ ውስጥ «ኢንፎርሜሽን» የሚለውን ክፈቱና የሃርድዌሩንና የሶፍትዌሩን ቨርዥን በስልካችሁ ፎቶ አንሱ። ፋይል የምትፈልጉት በዚያ ነው፤ ቢቻል ከአምራቹ ወይም ከገዛችሁበት ሱቅ። «ሁሉንም ቻናል በነፃ ይከፍታል» እየተባለ ቴሌግራም ላይ የሚዞረውን እለፉት።

እዚያው ሳላችሁ የአንቴና ሴቲንጉንም ፎቶ አንሱ። ኢትዮሳትን በ57 ዲግሪ ምሥራቅ፣ ናይልሳትን በ7 ዲግሪ ምዕራብ በሁለት ዲሽ የምታዩ ከሆነ የትኛው በየትኛው የዳይሴክ (የሁለቱን ዲሽ ኬብል ወደ አንድ የሚያገናኘው መቀያየሪያ) ፖርት እንደገባ ፎቶው ያሳያል። ይህ ከጠፋባችሁ በኋላ ሰርች ብታደርጉ ቻናል አይመጣም።

ቀጥሎ ፍላሹ። 32 ጊጋ ወይም ከዚያ ያነሰ ያዙና ፋት32 ብላችሁ ፎርማት አድርጉት። ውስጡ ያለው ሁሉ ስለሚጠፋ የሠርግ ፎቶ እንዳይኖርበት። ያወረዳችሁት ፋይል ዚፕ ከሆነ መጀመሪያ ፍቱት፤ ሪሲቨሩ ዚፕ አያነብም። ፎልደር ውስጥ ሳትከቱ በቀጥታ ፍላሹ ላይ አስቀምጡት።

አሁን ባክአፕ። ብዙ ሪሲቨሮች ዩኤስቢ ሜኑ ውስጥ «ዳምፕ» ወይም «ባክአፕ» የሚል አላቸው። ያለውን ሶፍትዌር ወደ ፍላሹ አውጡና መጠኑን ኮምፒውተር ላይ እዩ። ርካሾቹ ላይ ብዙውን ጊዜ 4 ወይም 8 ሜጋባይት ነው። የእናንተ 4 ሆኖ የመጣው ፋይል 8 ከሆነ የሌላ ቦርድ ነውና ተዉት። ባክአፑን ኮምፒውተር ላይም አስቀሩ።

ከዚያ «አፕግሬድ ባይ ዩኤስቢ» ግቡ፣ ፋይሉን ምረጡ። ሞድ ከጠየቀ «ኦል ኮድ» ሁሉንም ይቀይራል። «ሜይን ኮድ» ቡትሎደሩን፣ ማለትም ሪሲቨሩን የሚያስነሳውን ክፍል፣ ስለማይነካ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሞክር ሰው እሱን ቢመርጥ ይሻለዋል። ስታርት ካላችሁ በኋላ ሪሞቱን አስቀምጡ። ሪሲቨሩ አሮጌውን አጥፍቶ ነው አዲሱን የሚጽፈው፤ መሀል ላይ መብራት ከሄደ አሮጌውም አዲሱም አይኖርም። ምሽት ላይ መብራት ብልጭ ድርግም የሚልበት ሰፈር ካላችሁ ጠዋት አድርጉት፤ ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ በባትሪ የሚያቆይ ዕቃ) ካለም ጥሩ።

መቶ ፐርሰንት ሞልቶ ራሱ ጠፍቶ ሲነሳ ፍላሹን ንቀሉ። ፋክተሪ ሪሴት አድርጉ፣ በፎቶው መሠረት የአንቴና ሴቲንጉን መልሱ፣ ሰርች አድርጉ።

ቀይ መብራት ብቻ ሆኖ ከቀረ ወይም «ቡት» ብሎ ከቆመ ገና አትጣሉት። ከኋላው አርኤስ232 ፖርት ካለው ጠጋኝ በኬብል ከኮምፒውተር ሊጭንለት ይችላል። እሱም እምቢ ካለ ስምንት እግር ያላትን ትንሽዬ ሚሞሪ ከቦርዱ ነቅሎ ፕሮግራመር በሚባል መሣሪያ ይጽፍባታል። ወደ ጠጋኙ ስትሄዱ ባክአፑን ይዛችሁ ሂዱ፤ ፋይል ፍለጋ ሪሲቨራችሁ ሱቁ ውስጥ ሳምንት አይከርምም።